የኡሙሰልማ ንቦችና የፉርቃን ጥጥ

ኡሙሰልማን የሐርቡ ከተማ ሰው የሚያውቃት በንቧ ነው። ባሏ ባሽር ሲሞት ሰባት ቀፎ ትቶላት ነበር። «ሴት ንብ ይዛ የት ትደርሳለች» ያሉት ሁሉ ዓመት ሳይሞላ ማር ሊለምኗት መጡ። ሌላ ሰው ቢሆን በር ይዘጋባቸው ነበር፤ እሷ ግን ሰጠቻቸው።

ጣጣው የመጣው ከጎኗ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ፉርቃን ከቀፎዎቹ አጠገብ ያለውን ማሳ ጥጥ ዘራበት። የጥጥ አበባ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ጠዋት ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፣ በማግስቱ ይቀላል፣ ከዚያ ጠውልጎ ይረግፋል፤ ፍሬው ይቀራል። ፉርቃን ግን ዕድሜውን ሙሉ ማሽላ እንጂ ጥጥ ዘርቶ አያውቅም። ንቦቹ አበባው ውስጥ ሲርመሰመሱ አየ፤ ቆይቶ ደግሞ አበባው መሬት ላይ ተነጥፎ አየ። በቃ፣ እዚያው ፈረደ።

«ንቦችዎ ጥጤን መጠው ጨረሱት። ያንሱልኝ» አላት።

«ወላሂ፣ አበባው ንብ ቢኖርም ባይኖርም ይረግፋል። ንቡማ ፍሬውን ያሳምረዋል። ወንድምህ ስንቴ ነግሮሃል።»

«ወንድሜ ሞቷል።»

ነገሩ አበጋሮቹ፣ የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ፤ ቀፎው ይነሳ ተባለ። አበጋር የፈረደውን አልቀበልም ብሎ እዚያ አገር ጎረቤት ሆኖ መኖር የለም። ኡሙሰልማ ማሩ እስኪቆረጥ ድረስ አንድ ወር ለመነች። አምና ከማሯ በልተው ጣታቸውን የላሱት ሽማግሌዎች አስራ አምስት ቀን ሰጧትና ዱዓ አድርገው ተነሱ።

ፉርቃን አስራ አምስቱን ቀን መች ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አበባው ፈክቶ ንቡ በወረደበት ሰዓት፣ መርጫውን አዝሎ ማሳው ገባ። ለትል ነው የረጨሁት ቢል ማን ይጠይቀዋል? ወዲያው ንቦቹ እየተንገዳገዱ መጥተው ቀፎው በር ላይ ይረግፉ ጀመር። ኡሙሰልማ ሰፌድ አምጥታ አፈሰቻቸው። ሰፌዱ ሞላ፤ ደፍታው ተመለሰች፤ እንደገና ሞላ። ገና የሚንቀሳቀሱትን ለብቻ ትለይ ነበር፣ ይድኑ ይመስል።

ፉርቃን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያያታል። «አብሽሩ» አላት፤ «ቀፎ ከመሸከም ገላገልኩዎት።»

ባዶ ቀፎ እያየች መኖር አልሆነላትም። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ልጇ ኢንሻራህ ዘንድ ገባች፤ የሰው ልብስ እያጠበች ተቀመጠች።

ጥጡ ሲለቀም ፍሬው አንሶ፣ አንድ ጎኑ ጎድሎ ተገኘ። ወንጌላዊት የምትባል የግብርና ባለሙያ አንዱን ፈልጣ አሳየችው። «ጥጥ ያለ ንብም ያፈራል፤ ግን እንዲህ ነው የሚያፈራው። እዚህ ቀፎ አልነበረም እንዴ?» ፉርቃን አንገቱን ደፋ። ያፈረ መሰላት። አይ ፉርቃን! እሱ እያሰላ ነበር።

በዓመቱ የኡሙሰልማ ቀፎዎች የነበሩበት ቦታ ላይ አምስት ዘመናዊ ቀፎ ደረደረ። አያያዙን ግን ከየት ያምጣው? ንቦቹ ፊቱን አሳበጡት፤ የሁለቱ ቀፎ ንብ ጥሎት ኮበለለ። ይሄኔ መኪና ተሳፍሮ ደሴ ወጣ፤ ኡሙሰልማን ክንዷ ድረስ አረፋ ውስጥ ገብታ አገኛት።

«ይምጡና ንቤን ይጠብቁልኝ» አላት። ንቤን!

ኢንሻራህ ከጓዳ ወጣች። «እማ፣ እንዳትሄጂ። የገደለብሽ እሱ ነው።»

ኡሙሰልማ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ማሩስ?» አለችው።

«ማሩማ የባለቤቱ ነው።»

ማሩን ፈልጋው አልነበረም። ጠዋት ተነስታ የንብ ድምፅ መስማት ነው የናፈቃት፤ ፉርቃን ይህን ያውቃል፣ ስላወቀም ነው የመጣው። ልጇን ሳታይ ሻሿን አስራ ተከተለችው።