የባሩድ አሟሟት

ልጅ ሳለሁ የማልፈራቸው ነገሮች ቢቆጠሩ የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም ነበር። ጨለማ እፈራለሁ፣ ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ እፈራለሁ፤ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጡትን ጢማም ሽማግሌማ እናቴን ተገን ሳላደርግ አላልፋቸውም። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋን አይታ ትሮጣለች» ትል ነበር። ውሸት አይደለም፣ አንድ ቀን ሮጫለሁ። እንዲህ ሆኜም ማታ ማታ ወደ ጋሽ ዳና ደጃፍ መሄዴን አልተውኩም። የሚያስፈራ ነገር ከሚወራበት ቦታ ፈሪ አይጠፋም መሰለኝ።

ጋሽ ዳና ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራዩ የደቡብ ሰው ነበሩ። ቀን ቀን ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የጣውላ መሸጫ ይጠብቃሉ። በወጣትነታቸው ግን ከኮንሶ ቁልቁል ባለው በረሃ ወፍ አዳኞችን እየመሩ ነበር የሚኖሩት። ቆቅና ጅግራ ለማደን የሚመጡ ሰዎች ሲኖሩ መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው፣ ወፉን የሚያውቀው ውሻቸው ነው። ውሻው ባሩድ ይባል ነበር። ስለ ሟች ሚስታቸው ሲያወሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ ባሩድ ግን አውርተው አይጠግቡም።

ያኔ መብራት በሳምንት ሦስት አራቴ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር የእናቴን ነጠላ ተከናንቤ፣ ጨለማው እንዳይዘኝ ግቢውን በሩጫ አቋርጬ ከበራቸው በርጩማ ላይ ዘፍ እላለሁ። እሳቸው ከማንደጃው አጠገብ ተቀምጠው ከሰሉን ይቆሰቁሳሉ። ፍሙ ሲቀላ አገጫቸውና አፋቸው ብቻ ይታያል፣ ዓይናቸው አይታይም፤ ከኋላቸው የኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ ዞር አልልም፤ ከኋላዬ ያለው ግቢያችን ሳይሆን በረሃው ነውና።

በዚያ በረሃ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አሸዋው እግር ይልጣል። ስለዚህ ባሩድ ጎህ ሲቀድ ሠርቶ ፀሐይ ሳይጠነክር ግራር ሥር ይገባል። የኮዳው ውሃ መጀመሪያ የእሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሰው። ማታ መዳፉን እያገላበጡ እሾኽ ይነቅሉለታል። ድንጋይ ሥር እፉኝት አለች፤ ሳር ውስጥ ነብር አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ሥጋ ነው ይሉ ነበር። ከብት አርቢዎቹ ለጅብ ብለው መርዝ ያለበት ሥጋ በየደረቁ ወንዝ ይጥላሉ።

«መሬት የወደቀ ሥጋ ካየሽ፣ ሚጡ፣ ለደግ ብሎ የጣለው ሰው የለም» ይሉኛል።

አንድ ማታ ባሩድ ደረቁ ወንዝ ዳር ቆሞ አፍንጫውን ቀሰረ። ጋሽ ዳና ወሬያቸው እዚህ ሲደርስ ቀና ብለው አዩኝ። የነጠላውን ጫፍ እያኘክኩ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ… ቤታችን ገባን።»

«ባሩድስ?»

«አርጅቶ ሞተ። በቃ፣ ሂጂ ተኚ።»

እኔ አላወቅኩም እንጂ እናቴ በዚያው ሰሞን ሌሊት ሌሊት እየቃዠሁ እንቅልፍ ስነሳት ሄዳ ለምናቸው ነበር። «ጋሽ ዳና፣ ልጅቷ ድንጉጥ ናት፤ እባክዎ ለስለስ ያለውን ይንገሩልኝ» ብላቸዋለች። እሳቸውም የቤት አከራይ ቃል አክባሪ ናቸው።

የዚያን ዓመት ኅዳር ላይ በሚጠብቁት ጣውላ ቤት አንዲት ውሻ አምስት ወለደች። ጋሽ ዳና ነገሩን ሲነግሩን ፊታቸው እንደ ልጅ ሆነ። በመጪው መስከረም አገራቸው ሊገቡ አስበዋል፤ ታናሽ ወንድማቸው እስካሁን አዳኝ ይመራል፣ ውሻ ግን የለውም። «ባዶ እጄን አልገባም። አንድ የመጨረሻ ውሻ አሠለጥናለሁ» አሉ። የገና በዓል እንዳለፈ፣ ቡችሎቹ ጡት ሲተዉ፣ ለምርጫው እኔን ይዘውኝ ሄዱ።

ከኮታቸው ኪስ የጅግራ ላባ አወጡ፤ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ክር አስረው ቡችሎቹ መሃል ሲጎትቱት አምስቱም ተራኮቱበት። ሳናስበው በዱላቸው የአጥሩን ቆርቆሮ ጓ! አደረጉት። ከቡችሎቹ በፊት የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሦስቱ ጣውላ ሥር ገብተው በዚያው ቀሩ። አንዱ ምንም እንዳልሰማ ላባውን ማኘኩን ቀጠለ።

«ይሄ ጀግና ነው!» አልኩ።

«ይሄ ጅል ነው። የማይፈራ ውሻ እፉኝት ላይ ሄዶ ይቆማል። በረሃ ሳምንት አይቆይም።»

አምስተኛው፣ ቡናማው፣ እንደ ሌሎቹ ፈርጥጦ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን አፍንጫውን ብቅ አደረገ፣ መልሶ ከተተ፣ ደግሞ ብቅ አለ፣ በመጨረሻ በሆዱ እየተሳበ መጥቶ ላባውን አሸተተ። ጋሽ ዳና ብድግ አድርገው መዳፉን ገለበጡት፤ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ አሸዋ ይችላል። ጠጉሩ አጭር ነው፣ እሾኽ አይዝም። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው ጠበቁ። ያዘ እንጂ አልነከሰም።

«ይሄ ነው፣ ሚጡ። ፈርቶ የሚመለሰው ነው የሚበጀው።»

ፈሪ ሆኖ የተመረጠ ፍጡር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነፍሴ ከዚያ ቡችላ ጋር ተሰፋች። ጆሮዎቹ ሦስት ማዕዘን ስለሆኑ ሳንቡሳ አልኩት። ጋሽ ዳና «ባሩድን የሚተካ ውሻ ሳንቡሳ! ጉድ እኮ ነው!» ብለው ሁለት ቀን ተቆጡ፣ በሦስተኛው ራሳቸው ሳንቡሳ ብለው ጠሩት።

ሥልጠናው የተጀመረው በሥጋው ነው። ከልኳንዳ ብጣሽ ሥጋ ያመጡና መሃሉን ሰንጥቀው ሚጥሚጣ ይሞሉበታል፤ ከዚያ ሳንቡሳ በሚያልፍበት ይጥሉታል። መጀመሪያ ቀን ላፍ አድርጎ ሲያነሳው ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው፤ ምላሱን መሬት ላይ እየጠረገ ዞረ። እኔ አለቀስኩ። «አልቅሺ፣ ግን እንዳትነኪው» አሉኝ። ሲረጋጋ ንጹሑን ሥጋ ከመዳፋቸው አበሉት። ከእጅ የመጣ ይበላል፣ መሬት ያለ ያቃጥላል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሳንቡሳ መሬት ያለውን ሥጋ አሽትቶ ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። ጋሽ ዳና ግን ደስ አላላቸውም። «ቡችላ ይረሳል። ሳናቋርጥ ካልደጋገምንለት ልፋታችንን ውሃ በላው» አሉ።

በነጋታው ሁዳዴ ገባ።

እናቴ ጾም ሲገባ ድስቱን ብቻ ሳይሆን ቢላዋውን ሳይቀር በአመድ ፈትጋ የምታጥብ ሴት ነበረች። ጋሽ ዳና ደግሞ ጴንጤ ናቸው፣ አይጾሙም። ግን እሷ በጾመችበት ግቢ ሥጋ ይዘው መግባት እንዴት ብለው! ሚጥሚጣውን ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። «ሳንቡሳስ?» ስላቸው «የሰው ጾም ይከበራል» አሉኝ። እናቴን አልጠየቋትም፤ ቢጠይቋት እንቢ ማለት ያሳፍራታል ብለው አስበዋል። እሷም የሥልጠናውን መቋረጥ አይታለች፤ «አምጡ» ብትላቸው አለመጾማቸውን የነቀፈችባቸው እንዳይመስል ፈርታለች። እንዲህ ተከባብረን ሃምሳ አምስት ቀን ሳንቡሳ ሽሮ በላ።

እኔ ግን «ቡችላ ይረሳል» ያሉት ቃል ሆዴ ውስጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳንቡሳ ሳይቀድመኝ አጥሩ ዳር አጥንት እፈልግ ነበር፤ ባገኘሁ ቁጥር በእንጨት ገፍቼ ቱቦ ውስጥ እከተዋለሁ። ሌሊት ባንኜ በመስኮት አየዋለሁ። ሥልጠናው እንዲቀጥል ለእናቴ አንድ ቃል መናገር ስችል አልተናገርኩም። ለምን? ውሻውን ከግቢ ታስወጣዋለች ብዬ ፈራሁ። ያቺን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ቅዳሜ ሹር ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ ራሷ ላይ አስራ ገባች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ወዲያው አንድ በግ ነጂ ለፋሲካ የገዛነውን በግ እየጎተተ መጣ፤ በጉ አልገባም ብሎ ሲያስቸግር በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከጥግ ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ድምፅ የመጣው ያኔ ነው።

«ውሻ ያላችሁ እሰሩ! ማዘጋጃ ቤቶች ሌሊት መርዝ ጥለዋል!»

ዞሬ አየሁ። የሳንቡሳ ገመድ ብቻ ተጋድሟል።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በአንድ እግር ጫማ ቁልቁል ወደ ቱቦው ሮጥኩ። አንድ የማላውቀው ትልቅ ውሻ መንገድ ዳር ጥርሱን አግጦ ተዘርሯል። አልቆምኩም፤ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ዳግም አልራመድም ነበር። ሳንቡሳ ቱቦው አፍ ላይ ነበር። እግሮቹ መሃል ቀይ ሥጋ አለ። አሸተተ፣ ወደ ኋላ አለ። ተመስገን፣ ትምህርቱን አልረሳውም አልኩ። ደግሞ አንገቱን አስረዝሞ ቀረብ አለ። አነሳው፣ በጥርሱ ጫፍ ብቻ፣ ያቃጥለው እንደሆነ ሊያይ።

«ተው! ሳንቡሳ! ተው!» ብዬ እየጮኽኩ፣ እጄን ዘርግቼ ወደ እሱ በረርኩ።

አየኝ። ልቀማው መሆኔን ሲያይ በአንድ ጊዜ ዋጠው።

ጋሽ ዳና ከኋላዬ ደርሰው ነበር።  አቅፈውት ሮጡ። ግቢ ስንደርስ መንቀጥቀጥ ጀምሮታል፤ እግሮቹ እንደ እንጨት ተገትረዋል። ጾም ስለሆነ መርዝ የሚያበርድ ወተት በቤታችን የለም። እናቴ ቆማ አየች፣ ገባች፣ ለነገው ዶሮ ወጥ የገዛችውን እንቁላል በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ቄጤማው ግንባሯ ላይ እንዳለ መሬት ተንበርክካ፣ በሁለት ቀን የጾም እጇ እንቁላሉን እየሰበረች ጉሮሮው ውስጥ ታፈስ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። «ዋጥ በልልኝ፣ የኔ ጌታ፣ ዋጥ በል» ትለዋለች። አስኳሉ በክርኗ ይወርዳል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ የተሰበረውን ቅርፊት እቆጥራለሁ።

ሰባተኛው እንቁላል እጇ ላይ እያለ ሳንቡሳ ዝም አለ።

እናቴ ቀና ሳትል «ቢጠይቁኝ እኮ እፈቅድ ነበር፣ ጋሽ ዳና» አለች።

«ቤቱም ጾሙም የእርስዎ ነው ብዬ ነው፣ እትዬ» አሉ። 

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳና ከአጥሩ ሥር ቀብረውት እጃቸውን ታጥበው አጠገቤ ተቀመጡ። ፀሐይ ነው፤ ፍም የለም፣ ኩራዝ የለም። ዓይናቸውን አየሁት። ቀልቶ ነበር።

«ባሩድ አርጅቶ አይደለም የሞተው» አሉኝ። «ደረቁ ወንዝ ዳር ሥጋ አፉ ውስጥ ሆኖ አየሁት። ጮኽኩ። ሮጥኩ። ልቀማው ስደርስ ዋጠው። ውሻ የያዘውን ሊቀሙት ሲመጡ ይውጣል፣ ሚጡ። ያኔ መቀመጥ ነበረብኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ቀስ ብዬ ብጠራው የያዘውን ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ስንት ጊዜ ወፍ እንዲያ አምጥቶልኛል!»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳትፈሪ ብዬ።»

 ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም እንዲያ አልፈራሁም። ጋሽ ዳና ሌላ ቡችላ አልመረጡም። መስከረም ሲጠባ አገራቸው ገቡ፤ ባዶ እጃቸውን።

አሁን ለቡ መብራት ኃይል ነው የምኖረው። የሰፈሩ ስም እንዲህ ይሁን እንጂ መብራቱ እንደ ልማዱ ነው፤ በጠፋ ቁጥር የስድስት ዓመት ልጄ አጠገቤ ገብታ ተረት ትለኛለች። እሷም ድንጉጥ ናት፣ እኔን ወጥታለች። ጅቡ ሲመጣ፣ ልጁ መንገድ ሲጠፋበት፣ ትንፋሿ ሲቆም እሰማዋለሁ፤ ምላሴም ለስለስ አድርገሽ እለፊው ይለኛል። «ከዚያስ፣ እማዬ?» ትለኛለች በቀጭን ድምፅ። እጇን ጥብቅ አድርጌ እይዝና የሆነውን ሁሉ እነግራታለሁ።