የቡላ ሆድ ጩኸት

ልብስ ሰፊዋ ሰው በቀላሉ የምታምን ሴት አልነበረችም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች፤ ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣ እንኳ ፊቱ ዘርግታ ትለካዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤት የቀሩት ሽማግሌው አባቷና ቡላ የሚባለው ውሻ ነበሩ። ሁለቱን ግን ጠርጥራቸው አታውቅም።

አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋን አቁማ ክር ስትቀይር ከእግሯ ሥር ጉርርር የሚል ድምፅ ሰማች። መኪናው መስሏት ዘይት ልታጠጣው ጎንበስ ስትል፣ ድምፁ የሚመጣው ከቡላ ሆድ ነው። ጆሮዋን ብታስጠጋ ውስጡ በቧንቧ ውሃ የሚወርድ ይመስላል። ቁርሱን አልነካም። ጓሮ ወጥቶ ሣር ነጨ፤ ወዲያው አስመለሰው።

«አባዬ፣ ያ በያጅ ውሻዬን መርዞብኛል!» አለች። አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት ብረት በያጅ ነው፤ ሰሞኑን በቡላ ጩኸት ተማሮ «አንድ ቀን ዝም ይላል» ብሏት ነበር።

አባቷ ቀና ሳይሉ፣ «ተይ ልጄ፣ የሰው ኃጢአት አትግቢ» አሉ።

አልተወችም። አጥሩ ጋ ሄዳ፣ «ጋሼ፣ ውሻዬን ምን አበሉት?» ብላ ጮኸች።

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ለውሻ ምግብ የምሰጥ ቸር መስዬሻለሁ?»

መልሱ ጭራሽ ቆሽቷን አሳረረው። ቡላን ይዛ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ የውሻውን ሆድ ዳበሰች፤ ቡላ ተኮማትሮ ሸሸ።

«የሆድ መጮህ ብቻውን በሽታ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «አንጀት ምግብና አየር ሲገፋ ይጮኻል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኔን ያሳሰበኝ ማስመለሱ፣ ምግብ እምቢ ማለቱና ሲነኩት የሚያመው መሆኑ ነው። የመርዝ ምልክት አላየሁበትም፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያደርጋቸው ቅባት ነው። ቅባት የበዛበት ሥጋ ማን ይሰጠዋል?»

«ማንም! የምመግበው እኔ ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው አለ።»

መድኃኒት ተቀብላ፣ ለጊዜው ቅባት የሌለው የተቀቀለ ሩዝ በትንሽ በትንሹ እንድትሰጠው ተነግሯት ተመለሰች። ልቧ ግን በያጁ ላይ ስለነበር ሐኪሟ ስለ ሥጋ ያለችውን ለአባቷ አላነሳችም። እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ቆርጣ፣ በማግስቱ ለአባቷ ምሳ አቀረበችና «ልብስ ላደርስ ነው» ብላ ወጣች። ዞራ በጓሮ በኩል ገብታ መስኮቱ ሥር አደፈጠች።

በአጥሩ በኩል ማንም አልመጣም። ቤት ውስጥ ግን አባቷ ሥጋውን ከሳህናቸው አንስተው ወጡን በወረቀት ጠረጉለትና ከጠረጴዛው ሥር ለቡላ ሰደዱለት።

«አባዬ!»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ለፍተሽ የሠራሽውን ልድፋው?»

«ለምን አይበሉትም ታዲያ?»

ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ «አይወርድልኝም ልጄ። ሲወርድም እንደ እሳት ይፈጀኛል። ያለብሽ ሐሳብ ይበቃሻል ብዬ ነው የደበቅኩሽ» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። የአባቷን ሱሪ ወገብ ሁለት ጊዜ አጥብባዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ «የሚላላ ጨርቅ ሸጠልኝ» ብላ የጨርቅ ነጋዴውን ስትራገም ነበር። የአባቷን መክሳት አላየችም።

አባቷን ሐኪም ቤት ማድረስ ነበረባት፤ በሰፈሩ ፒካፕ መኪና ያለው በያጁ ብቻ ስለሆነ ኀፍረቷን ውጣ በሩን አንኳኳች።

«መርዘኛው ሰውዬ ሲነዳ አትፈሪም?» አላት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አባዬ ታመዋል።»

ቀልዱን ወዲያው ዋጠና ቁልፉን ሊያመጣ ገባ።

የአባቷ ሕመም የጨጓራ ቁስል ሆኖ ተገኘ። ቡላ በሳምንቱ ቡረቃውን ጀመረ፤ አባቷ ግን ለማገገም ወራት ፈጀባቸው፣ እንደ ቀድሞውም አልሆኑም። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በፊት ምሳዋን ስፌቱ ላይ ሆና ጎረስ አድርጋ ነበር የምታልፈው። አሁን ምሳ ሲደርስ የስፌት መኪናውን ታቆምና ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ አብራቸው ትበላለች።