ጥለት ያለው የሩጫ ሱሪ

እግሬ አንድ ቤት ረግቶ አያውቅም። ወንዱ ልጄ ጊንጪ፣ አንዷ ሴት ልጄ አምቦ፣ ትንሿ ደግሞ ሸነን ስለሚኖሩ፣ አንዱ ቤት ሲሰለቸኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። "እማዬ ደግሞ ዘንቢሏን አነሳች" ይሉኛል። ዘንቢሌ ውስጥ መቀስ፣ መርፌና ክር አይጠፉም፤ የደረስኩበት ቤት ሁሉ የሚሰፋ ነገር መቼም አለ። የስፌት መኪናዬ ግን ጊንጪ ነው የምትቀመጠው። በእጅ የምትዞር አሮጌ መኪና ናት፤ ይዣት ልዙር ብል ትከሻዬን ታወልቀው ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስሰፋ ነው። ስፌቱንም እንደዚያው አይቼ ነው የያዝኩት። እጄ የሚያውቀው ታዲያ የሀገር ልብስ ነው፤ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ የሕፃን ልብስ። የሚለጠጥ ጨርቅ ነክቼ አላውቅም ነበር።

የወንዱ ልጄ ልጅ ትሮጣለች። እናቷ ኦሮሞ ስለሆነች ልጆቹ የሚጠሩኝ "አኮ" ብለው ነው፤ አያቴ ማለታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ከትምህርት በፊት፣ ጉርድ ቀሚስ በሱሪ ላይ ደርባ የጭልሞን ጫካ መንገድ ሽቅብ ትወጣለች። እንጨት ይዘው የሚወርዱ ሴቶች "ምን አይታ ነው የምትሸሸው?" ይሉ ነበር። የስፖርት አስተማሪዋ አምቦ ላይ የሯጮች ምርጫ እንዳለ ነገራት። ያለፈች እዚያው የሯጮች ማሠልጠኛ ውስጥ እየኖረች፣ እየተማረች ትሮጣለች። ልጅቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም።

አባቷ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው።

"ልጄ ቁምጣ ለብሳ በሰው ፊት አትሮጥም" አለ። "እግሯ ተሸፍኖ የሚሆን ከሆነ ትሂድ። ተራቁታ ካየኋት ግን ከሜዳው መሐል ይዣት ነው የምወጣው። ኋላ ክፉ ነው እንዳትሉኝ።"

እንደሚያደርገው አውቃለሁ። የወለድኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ማታውኑ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደፋች። "አኮ፣ አንቺ ስፊልኝ። ረጅም ሱሪ፣ እግር ላይ ጥብቅ የሚል፣ ሯጮቹ የሚለብሱትን ዓይነት።"

ጊንጪ ገበያ ልባሽ ከሚሸጡት አንዷ ጋ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ አገኘሁ። አንዱ ጠርዙ ላይ ቀይና ቢጫ መስመር ወርዶበታል። ሻጯ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችውና "ማዘር፣ ይኸው፣ እንደ ማስቲካ ነው!" አለችኝ። እኔ ዓይኔ ያረፈው ግን መስመሩ ላይ ነው። ጥለት ነዋ!

ጥለት ደግሞ ቦታው የታወቀ ነው። የነጠላም ሆነ የቀሚስ ጥለት ከታች፣ ከጫፍ ነው የሚውለው። ስለዚህ ጨርቁን አጋድሜ አነጠፍኩትና፣ ጥለቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ዞሮ እንዲያርፍ አድርጌ ቆረጥኩት። ሰፍቼ ስጨርስ እውነትም ያምር ነበር። ልጅቷ ለብሳው መስታወት ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

"አኮ! ቴሌቪዥን ላይ ያሉትን መሰልኩ!"

"በይ አውልቂው፤ ለቀኑ ነው።"

እኛ ቤት አዲስ ልብስ ከቀኑ በፊት አይለበስም። ለበዓል የተሰፋ ለበዓል ነው። አጥፋ አስቀመጠችው፤ አልተቀመጠችበት፣ አልሮጠችበት። ከተረፈው ጨርቅ ለራሴም ከቀሚሴ ሥር የምለብሰው የመንገድ ሱሪ ሰፋሁ፤ የጊንጪ የጠዋት ብርድ ጉልበቴን ስለሚያሳድደው። እኔም ለመንገድ ብዬ አስቀመጥኩት።

አባትና ልጅ በዋዜማው አምቦ ሄደው ሴት ልጄ ቤት አደሩ። እኔ ላሟን የማልብላቸው ስለነበረ ጠዋት ልደርስባቸው ቀረሁ። አልቤ፣ ወተቱን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ አዲሱን ሱሪዬን ለብሼ መናኸሪያ ወጣሁ።

"አምቦ አንድ ሰው! አንድ ሰው! አዴ፣ ዳፊ፣ ዳፊ!" ይላል የሚኒባሱ ረዳት፣ እናቴ ቶሎ በይ ማለቱ ነው።

እግሬን ወደ መኪናው አነሳሁ። አልነሳ አለኝ። ጭኔን እንደ ወጌሻ ማሰሪያ ጭምድድ አድርጎ ያዘው። በሩን ጨብጬ በጉልበት ስወጣ ከሥር ጠሽሽ አለ።

"አዴ፣ ጎማው ነው እንዴ?" አለ ረዳቱ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቁጭ ብዬ መኪናው ሲንቀሳቀስ በቀሚሴ ሥር እጄን ሰደድኩ። የጎኑ ስፌት ከነጨርቁ ተተርትሯል። የተረፈውን ወደ ጎን ሳብኩት፤ እንደ ሸራ ቀጥ አለ። ወደ ቁመት ሳብኩት፤ እንደ ማስቲካ ተከተለኝ።

ሳቄ ያኔ ደረቀ። ጨርቁ የሚለጠጠው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጥለቱን ወደ ታች አውርዳለሁ ብዬ የሚለጠጠውን ወደ ቁመት፣ የማይለጠጠውን ጭን ዙሪያ አድርጌዋለሁ። የእሷም ያው ነው። እኔ መኪና ለመውጣት ነው የተቀደደብኝ፤ እሷ እግሯን ከፍታ ልትሮጥ ነው። ባይቀደድ እንደ ታሰረች በቅሎ እየተደነቃቀፈች ኋላ ትቀራለች። ቢቀደድ ደግሞ አባቷ እዚያ ተቀምጧል።

ስልኬን አውጥቼ አምቦ ወዳለችው ልጄ ደወልኩ። የለም። ያን ሰሞን ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ደግሜ ደወልኩ። "አይልፉ እማማ፣ ከትናንት ጀምሮ የለም" አለችኝ አጠገቤ ያለችው ልጅ።

አምቦ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ ቆምን። መንገዱ ክፉ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ሁሉም ይወርዳል፣ ሁሉም ይፈተሻል። ተራዬ ሲደርስ ፈታሹ ዘንቢሌ ውስጥ እጁን ከተተና መቀሴን አወጣ።

"እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?"

"መቀስ ነው ልጄ። ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ስለት ነገር አያልፍም።"

"የልጅ ልጄ ልትሮጥ ነው፣ ሱሪዋን ላስተካክልላት..."

"አያልፍም አልኩ እኮ እናቴ። ወይ ይተዉት፣ ወይ ይመለሱ።"

ከኮረዳነቴ ጀምሮ የያዝኩት፣ ጣቴን የለመደ መቀስ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ እለምነው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተውኩትና ወደ መኪናው ሄድኩ። መኪናው ደግሞ አልተነሳም፤ አንዱ ተሳፋሪ መታወቂያ ጠፍቶበት ይጠያየቃሉ።

"መቼ ነው የምንሄደው?" አልኩት ረዳቱን።

"አዴ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ሲለቁን ነዋ!"

ኬላውን በእግሬ አልፌ ባጃጅ ፈለግኩ። አንዱን አገኘሁና "ስታዲየም፣ ቶሎ" አልኩት። ሜዳው አጠገብ ሲያወርደኝ እዚያው ካለችው ሱቅ ምላጭ ገዛሁ። ውስጥ ስገባ ወንዶቹ እየሮጡ ነበር። ከእነሱ ቀጥሎ ሴቶቹ ናቸው አሉኝ።

ልጄን አየሁት። ደረጃው ላይ፣ ጥላው ሥር፣ እጁን አጣምሮ፣ ሜዳው ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። በኋላው ሾልኬ ሄድኩ። ሴት ልጄንና ልጅቷን ከአጥሩ ጥግ፣ ከአንድ ቢሮ ጀርባ አገኘኋቸው። ልጅቷ ሱሪው ላይ ጉርድ ደርባለች፤ በጉርድ ግን አያስሮጡም ብለዋታል፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"አኮ" አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ "አላስሮጥ አለኝ። ሲሞቅ ይላላል ብዬ ነበር፣ አልላላም።"

"ለአባትሽ ነገርሽው?"

"ብነግረው ወደ ቤት ነዋ የሚለኝ!"

"አውልቂው።"

ሴት ልጄ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለችን። ልጅቷ ከነጠላው ወዲህ፣ እኔ ደግሞ ከእሷ ጀርባ፣ ሁለታችንም ሱሪያችንን አወለቅን። "እማዬ፣ እንኳን ሰው አላየሽ!" አለች ሴት ልጄ። "ቁምጣ ተውሰን ብናለብሳትስ?"

"ወንድምሽስ?"

ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ያዘች።

የልጅቷን ሱሪ በጎኑ፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ሁለቱንም እግር በምላጭ ፈታሁት። አንዱን ሰፍቼ ሌላውን ስጀምር ጊዜ አይደርስልኝም፣ መፍታቱን በአንዴ ልገላገል ብዬ ነው። ከራሴ ሱሪ ደግሞ ረጃጅም ቁራጭ አወጣሁ። አሁን ጥለቱን አላየሁም። ቁራጩን ሳብኩ፣ አገላብጬ ሳብኩ፣ ወደ ጎን የሚለጠጠውን ለይቼ በተፈታው ቦታ መሐል አስገባሁት። ክሩን ሳላጠብቅ፣ ወዲያና ወዲህ እያጋደምኩ ሰፋሁ፤ አጥብቄ ብሰፋው ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። መርፌዋ አንድ ናት። የሚያግዘኝ ሰው ቢኖርም በምን ይሰፋል?

ከሜዳው ጩኸት መጣ፤ ወንዶቹ እየጨረሱ ነው። አንዱን እግር ጨረስኩ። ልጅቷ በነጠላው ተጠቅልላ ቆማ ጣቴን ታያለች። ሌላውን ቁራጭ ከላይ፣ ከዳሌው ጋ ስይዘው ፊሽካ ተነፋ።

"ሴቶች! ሴቶች ወደ መስመር!"

"ትንሽ" አልኩ።

"ሴቶች! የቀረ አንጠብቅም!"

"አኮ፣ በቃ ስጪኝ።"

"ይሄኛው ክፍት ነው እኮ። ጭንሽ ይታያል።"

"ይታይ።" እጇን ዘረጋች። "ልሩጥ እንጂ። አባዬ ያደረገውን ያድርግ።"

ቀና ብዬ አየኋት። ልጅ ሆና ነበር ጉልበቴ ላይ የተደፋችው። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ ቁራጩን ነቅዬ ሱሪውን ሰጠኋት። ለበሰችው፣ እዚያው አንዴ ቁጢጥ ብላ ተነሳች፤ አልያዛትም። ሮጣ ሄደች።

ሲነሱ አልታየችኝም፤ ሰው ከለለኝ። በመጀመሪያው ዙር በፊታችን ስታልፍ ግን መሐል ላይ ነበረች። በአንዱ በኩል እግሯ ተሸፍኗል፤ በሌላው በኩል ንፋሱ ጨርቁን ከዳሌ እስከ ጉልበት እየገለጠ ይመታዋል። ጎረምሶቹ የሚስቁበት አገኙ።

"ኧረ አንዱን እግር ረስታው መጣች!"

"ሰፊው ሒሳብ አልተከፈለውም መሰል!"

ልጄ ብድግ አለ። እኔም ሳላውቀው ብድግ ብያለሁ። ከተቀመጠበት ወርዶ ሜዳው ዳር ቆመ። በሚቀጥለው ዙር በፊቱ ታልፋለች፣ እጁን ከዘረጋ ይይዛታል። "ያዛት፣ ያዛት" እያለች ሴት ልጄ ክንዴን ጨመቀችኝ። ልጅቷም አይታዋለች፤ አንገቷ ሲገተር ከሩቅ ለየሁት። ወደ ውጭ፣ ከእሱ ራቅ ብላ የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። አልራቀችም። በውስጥ መስመር፣ በእሱ አጠገብ፣ ዓይኗን ፊት ለፊት ተክላ አለፈች። እሱም እጁን አላነሳም። አንዷን ልጅ እዚያው ፊቱ ላይ ቀደመቻት።

መጨረሻው ላይ ሁሉም ተቀላቅሎ ማን ማንን እንደቀደመ አላወቅሁም። ልጅቷ ሣሩ ላይ ተዘርግታ ደረቷ ይነሳል፣ ይወድቃል። እየተቻኮልን ሄድን። መራጩ አሠልጣኝ ከተኙት መሐል እየዞረ "አንቺ፣ አንቺ... አንቺም" እያለ በጣቱ ያስነሳል። ልጅቷን አልፏት ሄደ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና "አንቺ፣ የተቀደደብሽ፣ ተነሽ" አላት። ተነሳች።

"ወላጅ አብሯት ያለ?"

እኔ አለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን የአባቷ እንጂ የእኔ ቃል እንደማይበቃ አውቃለሁ። ልጄ ሰዉን እየገፋ መጣ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጃኬቱን አወለቀ። ሳይናገር፣ ፊቷንም ሳያይ፣ ወገቧ ላይ ጣል አድርጎ እጅጌዎቹን አህያ ላይ ጭነት እንደሚያስር ሰው ጎትቶ አሰራቸው።

"አባቷ እኔ ነኝ" አለ።

"ጥሩ። እንግዲህ አባት፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። እኛ ጋ ልጆቹ በሙሉ ሲሮጡ ቁምጣ ነው የሚለብሱት። ኋላ መጥተው እንዳይጣሉን።"

ልጅቷ ማለክለኳን ተወች። ልጄ ዞሮ አየኝ። ቁራጩ ጨርቅ እጄ ላይ ነው፤ መርፌዋን ነጠላዬ ላይ ሰክቻታለሁ፣ ክሯ ተንጠልጥሏል።

"ረጅም ይሆናል። እናቴ ትሰፋላታለች" አለ።

አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ ከጃኬቱ ሥር የሚታየውን፣ አንዱ እግር የተጣፈ፣ አንዱ እግር የተከፈተ ሱሪ አየ።

"ይሄንንም የሰፉት እሳቸው ናቸው?"

"እሳቸው ናቸው።"

"ረጅምም ይሁን፣ ግድ የለም" አለ ሳቁን እየዋጠ። "ብቻ እግር ዙሪያ የሚለጠጥ ይሁን።"

ልጄ አልሳቀም። "ሰምተሻል እማዬ?" አለኝ።

"ሰምቻለሁ" አልኩት።