ነሐሴ ላይ የተላገ በር

አናፂውን ክንዱን ሰፈሩ የሚያስታውሰው በር ሲያስቸግር ብቻ ነው። ጎንደር ክረምት ሲገባ እንጨት ያብጣል፤ በር መቃኑን ነክሶ አልከፈትም፣ አልዘጋም ይላል። እኔ ቤት ሲመጣ ጠርዙን በደረቅ ሳሙና አሸት አሸት ያደርግና፣ "እስከ ጥቅምት ታገሺው እጅጋየሁ፤ እርጥብ በር አይላግም" ብሎኝ ይሄዳል። እውነቱን ነው። ፀሐይ ሲወጣ እንጨቱ ይኮማተራል፤ በክረምት የላጉት በር በበጋ ከመቃኑ ይርቅና አይቆለፍም።

እሱ በር ሲጠግን የቤቱ ባለቤት ከኋላው ቆሞ እጁን ይጠብቃል። እኔም ቆሜ አውቃለሁ፤ አልዋሽም። ይህን ያመጣበት ጎረቤታችን ወልደኢየሱስ ነው። ከአስር ዓመት በፊት የሚስቱ የምንዳዬ የአንገት ወርቅ ሲጠፋ፣ "በሬን የሠራው ክንዱ ነው፤ ቁልፌን አስቀርጾ ሰረቀኝ" ብሎ ፍርድ ቤት ቆሞ ማለ። ክንዱ ስምንት ወር ታሰረ። በኋላ ምንዳዬ እያለቀሰች ነገረችኝ፤ ወርቁን ጠዳ ገበያ ወስዶ የሸጠው የወልደኢየሱስ የገዛ የእህቱ ልጅ ነበር። ባሏ ግን "ያለፈ ነገር አይቆፈርም" ብሎ አፏን አስያዛት። እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል። ሄጄ ለክንዱ ነገርኩት።

አምና ነሐሴ የወልደኢየሱስ በር አብጦ ምንዳዬን እቤት ውስጥ አስቀራት። ባሏ በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። የፒያሳ አናፂዎች ሁሉ ጥቅምትን ጠብቅ አሉት፤ እሱ ደግሞ ጠብቅ ሲሉት አይወድም። ወደ ክንዱ ደጅ መጥቶ፣ "ና ላግልኝ፤ ሥራ ስሰጥህ ተመስገን በል" አለው።

እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ክንዱ አየኝ፤ አየሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መላጊያውን አንስቶ ሄደ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ ፍቅፋቂው እግሩን እስኪሸፍነው ላገ። በሩ በአንድ ጣት ተከፈተ፣ ተዘጋ።

"አየህ? ይቻል የለም?" አለ ወልደኢየሱስ።

"ሸጋ ነው" አለ ክንዱና ወጣ።

ኅዳር ሲገባ በርና መቃን ተኳረፉ። ቁልፉ ይዞራል፣ ብረቱ ግን መቃኑ ጋ አይደርስም። ወልደኢየሱስ ጓጉንቸር ገዛ፤ ክፍተቱ ግን መፈንቀያ እንደ ልብ ያስገባል። ሌሎቹን አናፂዎች ቢለምናቸው "የላገው ይጨርሰው" አሉት። ክንዱ ሥራ በዝቶብኛል አለው። ሰውን ሁሉ ሌባ የሚያደርግ ሰው ቤቱን እንዴት ጥሎ ይውጣ? ገበያው ቀረ፣ ልቅሶው ቀረ፣ ቅዳሴው ቀረ። እኔም በደጁ ሳልፍ ሆን ብዬ ቆም እልና "እንደምን ዋሉ? ምነው ጠፉ እንዳልል፣ ከቤት አልጠፉ!" እለዋለሁ።

የከተራ ዕለት ሰፈሩ ነጭ ለብሶ ታቦት ሊያጅብ ወጣ። ምንዳዬም ሄደች። ወልደኢየሱስ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። ክንዱ ከራሱ ደጅ ቆሞ መንገደኛውን ሲያይ ወልደኢየሱስ ተጣራ።

"ክንዱ! በሩን ተወው። አርባ ዓመት ከታቦት ቀርቼ አላውቅም። ቤቴን ብቻ ጠብቅልኝ።"

እኔም፣ የሚያልፈውም ሰው ቀጥ ብለን ቆምን።

"ምነው፣ ሌባ ቤት ይጠብቃል?" አለ ክንዱ።

"ሌባስ አይደለህም።"

"ሰዉ አልሰማም።"

ወልደኢየሱስ ዙሪያውን አየ። ከበሮው እየራቀ ነው። ከበርጩማው ተነስቶ ጮኸ፦ "ክንዱ ሌባ አይደለም! ወርቁን የወሰደው የእህቴ ልጅ ነው! በሐሰት ነው የማልኩበት!"

እልል ማለት አማረኝ፤ እልልም አልኩ።

ክንዱ ነጠላውን አጣፋ። "እግዜር ይስጥህ" አለው። "እኔም ከታሰርኩ ወዲህ ታቦት አጅቤ አላውቅም። ሰው መሀል ስገባ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ይጨብጣሉ። ዛሬ እሄዳለሁ። አንተ በርህን ጠብቅ።"