እጅ የሚያገላብጡት አጎቴ

አጎቴ ሰው ሰላም ሲሉ የጨበጡትን እጅ ሳያገላብጡ አይለቁም ነበር። የከተማችን የንፋስ መውጫ ሰው መዳፍ የሚያነቡ ይመስለው ነበር። እሳቸው ግን የሚፈልጉት የዝሆን ጥርስ ቀለበት ነበር።

ዕድሜያቸውን በቆላ ዝሆን ሲጠብቁ ኖረዋል። አንድ የውጭ መንግሥት ለዝሆኖቹ ጥበቃ የሚሰጠውን ገንዘብ ሲያቆም ጠባቂዎቹ ተበተኑ፤ አጎቴም ወደ ንፋስ መውጫ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ አዳኞች አጎቴ ከግልገልነቷ የሚያውቋትን ዝሆን ገድለው ጥርሷን ወሰዱ።

“ገንዘቡ ይቁም ብሎ የፈረመው እጅ ሩቅ ነው፤ አልደርስበትም” ይሉኝ ነበር። “በጥርሷ ያጌጠው ግን አንድ ቀን ይጨብጠኛል።”

ሳይጨብጣቸው ሞቱ።

በሰልስታቸው ዕለት፣ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ባዶውን ሳለ፣ አንድ እህል ነጋዴ “እግዜር ያጥናህ” ብሎ ጨበጠኝ። እጁን አገላበጥኩት። ጣቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለ።

“ከየት አመጣኸው?”

“ከቆላ ነው። የዝሆን ጥርስ እኮ ነው! ዛሬ ጠባቂ የለ፣ እንደ ልብ ይገኛል” አለኝ ኮራ ብሎ።

የዝሆን ጥርስ በሕግ የተከለከለ ነውና ፖሊስ አስጠራሁ፤ እስኪመጣም እጁን አልለቀቅኩትም። ቢለምነኝም፣ ቢሰድበኝም፣ ለቀስተኛው “በለቅሶ ቤት ነውር ነው” ቢለኝም አልለቀቅኩትም።

አጎቴ፣ አንዱ እጅ ተይዟል። የፈረመው ይቀረኛል።