ከልጄ ዕድሜ ላይ የቀነስኩት

ልጄ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆኗት መቆም አልቻለችም ነበር። እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። አዝያት ከሰፈራችን ከዓባ ሻውል እወጣለሁ፣ ገበያውን ዞሬ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ "ስንት ዓመቷ ነው? አትሄድም እንዴ?" ይለኛል። ምን አገባችሁ! አንድ ቀን ብሽቅ አልኩና ለአንዲት ሴትዮ "ዓመት ከመንፈቅ" አልኳት። "አይዞሽ፣ ገና ናት" ብላኝ ሄደች። እንዴት እንደቀለለኝ! ከዚያ ወዲያ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው አልኩ።

ነፃነቱ ገና ትኩስ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሜዳ ላይ የቆሰሉትን ዳግም መራመድ ስታስተምር የኖረች አንዲት ታጋይ፣ አሁን ክሊኒክ ገብታ እንደኔ ልጅ ያሉትን ታለማምዳለች ሲሉኝ በረርኩ። የልደት ወረቀት ያኔ ማን ይጠይቃል? ካርዱ የሚሞላው በእናት ቃል ነው። "ዕድሜዋ?" አለችኝ። አፌ ለምዶት ኖሮ "ዓመት ከመንፈቅ" አልኳት። አምናኝ ጻፈች።

ወገቧ እንዲጠና የተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ አስቀምጣ ግራና ቀኝ ታወዛውዛታለች። እኔ "እግሯስ? መቼ ነው የምታቆሚያት?" እያልኩ በክፍሉ ውስጥ እንቆራጠጣለሁ። "ቀስ በይ ሓፍተይ፣ ቀስ በይ እህቴ፣ ለዕድሜዋ ብዙም አልዘገየችም" ትለኛለች። ይቺን ቃል ለመስማት ስል አንድም ቀን አልቀረሁም። ውሸቱ የራሴ መሆኑን እያወቅሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ልጄ ከመነዳሪው ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች። ታጋይዋም አብራት ስትስቅ ቆየችና ድንገት ወደ ልጄ አፍ ጎንበስ አለች። አገጯን ይዛ፣ በግ እንደሚገዛ ሰው አፏን ከፍታ አየች።

"የመጨረሻው መንጋጋዋ በቅሏል፤ ይሄ ሁለት ዓመት ያለፋት ልጅ ጥርስ ነው" አለችና ወደኔ ዞረች። "ስንት ወር ነው የደበቅሽኝ?"

"አሥራ አንድ።"

"ሰው ፈርተሽ?"

"አዎ" አልኳት።

ብትጮህብኝ በተሻለኝ። "እኔ እኮ እንደ ሕፃን ሳጫውታት ከረምኩ" አለች፣ ቀስ ብላ። "በዚህ ዕድሜ እያንዳንዱ ሳምንት ያስፈልጋታል።" ከዚያ ልጄን አንስታ ከግድግዳው አስደግፋ አቆመቻትና ጉልበቷን አስያዘችኝ። ልጄ ጩኸቷን አቀለጠችው። እጆቿን ወደኔ ዘረጋች። አንስቻት ልሮጥ ስል ሴትዮዋ "ኣይፋልን! አይሆንም፣ እንዳትለቂያት" አለችኝ።

ጉልበቷ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እኔ አፍሬ የልጄን ጊዜ በላሁባት።

ሴትዮዋ አዲስ ካርድ አወጣች። "ዕድሜዋ?"

ነገርኳት። ከልጄ ለቅሶ የተነሳ አልሰማችኝም።

"ሁለት ዓመት ከስድስት ወሯ ነው!" ብዬ ጮህኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሙሉ ዞረው አዩን። ይዩ።