ውኃ ከግርጌ ይጀመራል

የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ግድባችን ላይ እንደቆምኩ ነው። እጄ ላይ ከአካፋ በቀር ምንም አልነበረም። «ሕዝብ አሳድመሃል» አሉኝ። አሳደምከው የተባልኩት ሕዝብ ያደረገው ነገር ቢኖር ግድባችንን ሊስብ የመጣውን የአንድ ባለሀብት የውኃ ሞተር «ተራህን ጠብቅ» ማለት ብቻ ነው።

ከላሊበላ ማዶ ያለችው ያቺ የአፈር ግድብ ትንሽ ናት። አፈሩን በጆንያ፣ ድንጋዩን በትከሻ ተሸክመን የሠራናት እኛ ነን። የክረምቱን ጎርፍ ይዛ በበጋ ድንቻችንንና ሽንኩርታችንን ታጠጣለች። ሰዉ የውኃ አባት አድርጎ መርጦኝ ነበር፤ ቦዩን የምከፍተውም፣ ተራ የማስይዘውም እኔ ነኝ። ውኃ ሲያጥር ከግርጌ መጀመር ደንባችን ነው። የቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ማሳ ሳይጠጣ የራስጌው አይነካም። አለዚያ ራስጌ ያለው ጠጥቶ ይተኛል፣ ግርጌው ይደርቃል።

ያሰሩኝ ከሌሎች እስረኞች ጋር፣ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጠዋት ጠዋት አንድ ጀሪካን ውኃ ይገባል፤ በሩ አጠገብ የምንተኛው ተሻምተን እንጨርሰዋለን። ከሽንት ባልዲው ጎን፣ ጥግ ላይ፣ ትኩሳት የያዛቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ለሳቸው የሚደርሳቸው ጭላጩ ነው።

አንድ ቀን ንዴቴ ገነፈለና ጀሪካኑን ቀማሁ።

«እዚህም ከራስጌ ነው እንዴ? ከግርጌ ነው የሚጀመረው!»

«አንተ ደሞ ማን ሾመህ?» አለኝ አንድ ጎረምሳ።

«የውኃ አባት ነኝ።»

ሳቁብኝ። ግን ጀሪካኑን የነጠቀኝ የለም። ሽማግሌው በጣሳ ጠጡና «የሕይወት ውኃ ያጠጣህ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ገና ሳልጠጣ፣ ያሳሰረኝ የወረዳው ኃላፊ የታሸገ ውኃ ይዞ መጣ።

«ሞተሩን እንዲያስገቡት ለሰዎችህ ንገራቸው። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። ጠርሙሱን ከፍቶ ዘረጋልኝ። «እንካ፣ ጠጣ።»

ጉሮሮዬ ኩበት ሆኗል። እጄ ሊሄድ ነበር።

«ተራዬ አልደረሰም» አልኩት።

«የምን ተራ?»

«እኔ በሩ ጋ ነው የምተኛው። ከኔ በፊት እነዚያ ጥግ ያሉት አሉ።»

ጠርሙሱን ከድኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክረምት እስኪገባ አልፈቱኝም።

ስመለስ ሞተሩ ግድቡ ላይ ተተክሎ ጠበቀኝ። ኃላፊው ከፍ ወዳለ ወንበር ተሹሞ ሄዷል። ጎረቤቶቼ «ለእግዜር ብለህ ተወው» ይሉኛል። አልተወውም። ያ ሞተር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዛሬም የውኃ አባት ነኝ። ሞተሩ ያስተረፈልንን ከግርጌ ጀምሬ አጠጣለሁ። የኔ ማሳ ራስጌ ነው፤ ዘንድሮ ውኃ አልደረሰውም።